ከውስጥ የሚዘጋ በር

የመሰርሰሪያው ጩኸት ቤቱን ሞልቶታል። ነርሷ ልጇን በቀኝ ክንዷ አቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ፣ ከበሩ ወገብ የሚረግፈውን ነጭ የእንጨት ብናኝ ትመለከታለች። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች በፕላስተር አንድ ላይ ታስረዋል። ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ያሰረቻቸው ራሷ ናት። ደም ባንክ ውስጥ ስምንት ዓመት የሌላውን ሰው ክንድ ስታስር ኖራለች፤ የራሷን በአንድ እጅና በጥርስ ማሰር ግን የተማረችው እዚህ ቤት ነው።

አናጢው ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። መሰርሰሪያውን አጠፋና ቀዳዳውን እፍ ብሎ ወደ ኮሪደሩ ዞረ።

«ለመሆኑ ይሄን ሁሉ በር ምን አገኘው? ከዚህኛው ሌላ አምስት በር አየሁ፤ የሁሉም ቁልፍ ተነቅሎ በስቱኮ ተደፍኗል። ጥርሱን ያረገፈ ሽማግሌ መስሏል እኮ ቤታችሁ!»

«ልጅቷ እንዳይቆለፍባት ነው» አለ ባልየው ከሳሎን። «ጥንቃቄ ነው።»

«እንዴታ ጌታዬ» አለ አናጢው፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ሳይሞላ ቀረ።

ቁልፎቹን የነቀላቸው ባልየው ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ልጇ ሚጡ ገና በሆዷ ሳለች፣ ነርሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቆልፋበት ነበር። በሩን በትከሻው ገንጥሎ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሰውነቷ እንጂ አእምሮዋ አያስታውሰውም። በማግስቱ ፊቱን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ብሎን መፍቻ ይዞ ከክፍል ክፍል እየዞረ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። እያፏጨ። በብስኩት ጣሳ ከቶ ቁምሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጣቸው። ያን ሰሞን እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። እናቷ ለብ ባለ ውሃ ፊቷን አጠበችላት፤ አብራት አለቀሰች፤ በሦስተኛው ቀን ግን «ልጄ፣ ባል ያለበት ቤት ኮሽታ አያጣም» ብላ መለሰቻት።

አሁን መሥሪያ ቤቷ ተመለሺ ብሎ ደብዳቤ ጽፎላታል፤ ስለዚህ ሞግዚት ያስፈልጋል። እዚሁ አገር ሞግዚት ሞልቷል። ባልየው ግን ከባሕር ማዶ የምትመጣና አብራቸው የምታድር ካልሆነች አሻፈረኝ አለ። «ቋንቋ የምታውቅ ሞግዚት ማለት ሬዲዮ ናት። አፍ የሌላት ትሻለናለች» ነበር ያለው። ነርሷ ተስማማች። ለምን እንደተስማማች የነገረችው ለፈጣሪዋ ብቻ ነው፤ አፍ ባይኖራት ዓይን ይኖራታል። በዚህ ቤት ውስጥ የሚያይ አንድ ሰው ይኑር። ሰው እያየው አይመታኝ ይሆናል። ከዚህ ጸሎት ኋላ ሁልጊዜ አንድ ሌላ ሐሳብ ይከተላል፤ እሷንም ቢመታትስ? ይህን ሐሳብ አንድ ወር ሙሉ ስትሸሸው ቆይታለች።

የኤጀንሲው ውል ደግሞ ባልየው ያላሰበውን ነገር ይዞ መጣ። ሞግዚቷ የምታድርበት ክፍል ከውስጥ የሚቆለፍ በር ሊኖረው ግድ ነው፤ ከመፈረሟም በፊት ክፍሉን በስልክ ቪዲዮ በገዛ ዓይኗ ታየዋለች። ባልየው ውሉን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ተሳደበ፤ ከዚያ አናጢ ጠራ።

አናጢው ከቁልፉ ጋር የመጡትን ብሎኖች መዳፉ ላይ አንከባለላቸው። ቀና ሲል ዓይኑ ከነርሷ ጣቶች ወደ አንገቷ ሄደ። የጠመጠመችው ሻርፕ ያልሸፈነው አንድ የበለዘ ቆዳ ቢጫ ጠርዝ ነበር። ብሎኖቹን ኪሱ ከተተና ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ሌሎች አወጣ፤ የመሐል ጣት ያህል የሚረዝሙ።

«እነዚያ ለመሳቢያ ነው የሚሆኑት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንድ ርግጫ አይችሉም። እነዚህ ግን ግንቡ ድረስ ነው የሚገቡት፣ እህቴ።»

ሥራውን ጨርሶ ብናኙን በእጁ ጠራረገ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ «እግዚአብሔር ቤቱን ይጠብቅ» አለ። ትንሽ ቆም ብሎ «ሰዎቹንም» ጨመረበት።

የውጭው በር እንደተዘጋ ባልየው ወደ ኮሪደሩ መጣ።

«ምን አልሽው?»

«ምን...»

ምንም የሚለው ቃል ሳያልቅ ጥፊው ጆሮዋ ላይ አረፈ። ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች፤ ልጇን ግን አልለቀቀችም። ጆሮዋ እንደ ተመታ ሣህን ይጮኻል።

«ይሄ ቁልፍ ለሴትዮዋ ነው። ገባሽ? ላንቺ አይደለም።»

ሚጡ አላለቀሰችም። ፊቷን የእናቷ አንገት ሥር ቀበረች፤ ትንፋሿን ያዘች። ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን ዝም ማለትን እንደዚህ አሳምራ መማሯ ነርሷን ከጥፊው ይልቅ አመማት።

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጠራ። ባልና ሚስት ጠረጴዛው ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቀው የኤጀንሲዋ ሠራተኛ፣ በሌላው ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት። ከጀርባዋ ምስማር ላይ የታጠበ ሸሚዝ ተሰቅሏል።

«ዕንቁ የሆነች ሠራተኛ ናት!» አለች የኤጀንሲዋ። «አራት ልጅ አሳድጋለች። ቁጣ የሚባል አታውቅም።»

«ከኛ ጋር ትስማማለች። ቤታችን ሰላማዊ ነው» አለ ባልየው። ይህን ሲል ከጠረጴዛው ሥር የታሰሩትን ሁለት ጣቶች በመዳፉ ይዟቸው ነበር። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ፈገግ በይ» አላትና ጨመቃቸው። አጥንት በአጥንት ላይ ሲሄድ ተሰማት። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ፈገግ አለች።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቀች። «ልጅቷ እንቅልፍ እምቢ ስትል ምን ይደረግላታል ትላለች» ስትል ተረጎመች የኤጀንሲዋ።

«ጆሮዋን ማሸት ነው» አለች ነርሷ። «ቀስ ብሎ፣ ከሥሩ።»

ሴትዮዋ የገዛ ጆሮዋን ይዛ አሸት አሸት አደረገችና ሳቀች። ሚጡም ወደ ስክሪኑ ጣቷን ቀሰረች።

ከዚያ ክፍሉን ለማሳየት ተነሡ። ነርሷ ስልኩን ይዛ ከፊት፣ ሚጡ ቀሚሷን ጨብጣ፣ ባልየው ከኋላ። ካሜራው በተደፈኑት በሮች ፊት ሲያልፍ ሴትዮዋ አንድ ነገር አለች። የኤጀንሲዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የሌሎቹ በሮች ቁልፍ የት ሄደ ትላለች።»

«ለልጅቷ ደኅንነት ነው በያት» አለ ባልየው።

«እሺ... አዲሱ ቁልፍ ይሞከርልኝ ትላለች። እመቤቲቱ ገብተው ይቆልፉ፣ ጌታዬ ከውጭ ይግፉት። በፊት የሠራሁበት ቤትም ቁልፍ ነበረው፤ ሲገፉት ግን ይከፈት ነበር ትላለች።»

ባልየው ሳቀ። «ሞግዚት ናት ወይስ መርማሪ? እሺ፣ ግቢና ቆልፊላት።»

ነርሷ ገባች፤ ሚጡም ቀሚሷን ሳትለቅ ተከተለቻት። ቁልፉን አዞረችው። ቀጭ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አልሰማቻትም ነበር። ባልየው ከውጭ በትከሻው ገፋ፤ በሩ አልተነቃነቀም።

«በቃ፣ ይሠራል። ክፈቺ።»

ክፍሉ ውስጥ የብረት አልጋ፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ ፍራሽ፣ አንድ ትራስ፣ ከጣሪያው ሥር እንደ መጽሐፍ የጠበበች መስኮት አለች። ነርሷ ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ አየች። ሴትዮዋ ቁልፉን አልነበረም የምታየው። ሻርፑ ከነርሷ አንገት ተንሸራቷል። ሴትዮዋ እጇን ቀስ ብላ የራሷ አንገት ላይ፣ ያው ቦታ ላይ አሳረፈች።

ስትሸሸው የቆየችው ሐሳብ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደረሰባት።

«አትምጪ በያት» አለች ነርሷ።

«እመቤቴ፣ መስመሩ ሳይቆራረጥ አይቀርም...»

«ሰምተሽኛል። አትምጪ በያት። ይሄ ሰው ይመታል። እኔን ይመታል፤ እሷንም ይመታታል። ዓይኗን ፈልጌ ነው ላመጣት የነበረው። ይቅር ትበለኝ።»

ከዚያ የባልየው ድምፅ ከበሩ ጋር ተለጥፎ መጣ፤ ለስላሳ፣ ዝግ ያለ።

«ክፈቺ፣ የኔ ቆንጆ።»

ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ሁልጊዜ ከእጁ የሚቀድመው እሱ ነው። አልከፈተችም።

የመጀመሪያው ርግጫ ግድግዳውን አንቀጠቀጠው። ሁለተኛው የኖራ ቅርፊት ከላይ አወረደ። «አጥንትሽን ነው የምለቅመው! ይቺን በር ካንቺ ጋር ነው የምቀብራት!» ነርሷ አልጋውን በዳሌዋ ገፍታ በሩ ላይ አስጠጋችው፤ የታሰሩት ጣቶቿ ከብረቱ ጋር ተጋጭተው ሲታጠፉ ራሷን ልትስት ምንም አልቀራት። ያኔ ሚጡ ጮኸች። አፏን በሙሉ ከፍታ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸች። ነርሷ ዝም በይ አላለቻትም።

የባልየው እግር ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ተመለሰ። የሚጎተት ብረት ድምፅ ተከትሎት መጣ። አካፋው ነበር። የበሩን መሐል ሲመታው እንጨቱ ከላይ እስከ ታች ስንጥቅ አለ፤ ስለቱ በስንጥቁ ብቅ ብሎ ተመልሶ ወጣ።

«በሌላው ስልክ ፖሊስ ጋ እየደወልኩ ነው፣ እህቴ!» አለች የኤጀንሲዋ፤ ድምፅዋ ተቀይሯል። «አድራሻችሁ ውሉ ላይ አለኝ። እንዳትከፍቺ!»

ከባሕር ማዶ ያለችው ሴት ሳታቋርጥ እየተናገረች ነበር፤ ሳትጮኽ፣ በአንድ ድምፅ፣ የፈራ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

«ምን ትላለች?» አለች ነርሷ።

«አልዘጋም ትላለች። አንቺም እንዳትዘጊው። ስልኩን ወደ በሩ አዙሪው ትላለች። ሲገባ ፊቱን ልየው ትላለች።»

ነርሷ ስልኩን ትራሱ ላይ አስደግፋ ወደ በሩ አዞረችው። ልጇን ይዛ ጥግ ላይ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለግንቡ፣ ሚጡን ለደረቷ ሰጠች። በደህናው እጇ የልጇን ጆሮ ከሥሩ ማሸት ጀመረች፤ ቀስ ብላ።

አካፋው እንደገና አረፈ። በስንጥቁ በኩል የኮሪደሩ ብርሃን እንደ ክር ገባ። ብሎኖቹ አልተነቃነቁም። ስክሪኑ ላይ ሴትዮዋ ወደ ካሜራዋ ቀረበች፤ ከፊቷ ሁለት ዓይኖቿ ብቻ ቀሩ፤ ጭፍን እንኳ አላሉም።