መምህር አንተነህ ጭልፊት ገደልን ሲያወድስ

ጭልፊት ገደል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚደረሰው ከደብረ ማርቆስ መጀመሪያ በመኪና፣ ቀጥሎ በእግር፣ መጨረሻ ላይ በቂጥ ተንፏቆ ነው። ፍየል እንኳ ወደዚያ የምትወርደው ለልጆቿ ተናዛ ነው። ፀሐይ አፋፉን ተሻግራ ግቢው የምትደርሰው የምሳ ደወል ሲደወል ነው፤ ትንሽ ታሞቅና ዝውውር እንደተፈቀደላት ሁሉ ሹልክ ትላለች።

መምህር አንተነህ ግን ሹልክ ማለት አልሆነለትም። ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ወንዝ። ባለቤቱ ሕሊና ደብረ ማርቆስ ከተማ ነርስ ናት። ትንሿ ልጃቸው ብቅ ባለ ቁጥር «እማዬ፣ እንግዳው መጣ» ትላለች፤ ይቺ ቃል አንጀቱን በልታው ጨርሳለች። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፤ በየዓመቱ «ተተኪ የለም» ይባላል።

ስለዚህ ሁለት ወጥመድ አጠመደ። ወረዳው የትምህርት ቤቶቹን ገጽታ አጠናቅሮ ሊያሳትም መረጃ ሲሰበስብ፣ አንተነህ አዝነው ያወጡኛል ብሎ በጽሑፉ በጭልፊት ገደል ላይ ያላወረደው መዓት የለም፦ ጣሪያውን ነፋስ ነቅሎ ወንዝ ማዶ ጥሎታል፣ ዝንጀሮ ጠመኔ እየበላ ጨርሷል፣ ጥቁር ሰሌዳውን ምስጥ ግማሹን ወስዶታል። ማርቆስ ከተማ ለሚያስተምረው ለመምህር መሳፍንት ደግሞ ቦታ እንለዋወጥ ብሎ ደወለ። ለሱ የነገረው ሌላ ነው፦ ማሩ ራሱ ከዛፍ ይንጠባጠባል፣ አየሩ አስም ያድናል፣ ተማሪው መምህሩን ባየ ቁጥር ከፍቅሩ ብዛት ያለቅሳል።

እንግዲህ ሁለቱ ወጥመዶች በአንድ ቀን ተከታትለው ወረዱ። የአካባቢውን ትምህርት ቤቶች የሚቆጣጠሩት ወይዘሮ ያለምወርቅ የተጻፈውን ሊያረጋግጡ፣ መሳፍንት ቦታውን ሊያይ። ገደሉ ላይ ተገናኝተው ተደጋግፈው ነው የደረሱት።

«እስቲ ያንን መዓትህን አሳየን» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ አቧራቸውን እያራገፉ።

«የምን መዓት?» አለ መሳፍንት።

አንተነህ ክፉ ካወራ ተተኪው ይሸሻል፤ ደግ ካወራ ውሸታም ይባላል። ውሸታም መባሉ ቀለለው።

«ያ እኮ የድሮ ነው፣ እትዬ። አሁን ተሻሽሏል።»

«ድሮ? ባለፈው ወር አይደል የጻፍከው?»

«ሕዝቡ ሲነሣ…»

«እውነቱን ነው!» አሉ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው አያ ጀምበሩ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ሲያደምጡ ቆይተው። «ጣሪያውን ከወንዝ ማዶ በትከሻችን ተሸክመን መለስነው። ሚስማሩ እንኳ አልጎደለም።»

«ዝንጀሮዎቹስ?»

«ጠመኔውን ትተዋል፣ እመቤቴ። አሁን ሰልፍ ያስጠብቃሉ።»

አንተነህ ድጋፍ ሲያገኝ ባሰበት። «ባለፈው ሳምንትማ ከማርቆስ ድረስ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ የመጡ ነበሩ!»

ወይዘሮ ያለምወርቅ ጣሪያውን አዩ፤ አለ። ሰሌዳውን አዩ፤ ሙሉ ነው። ረጅም ሣቅ ሣቁና ወደ አንተነህ ዞሩ።

«ተመስገን ነው የኔ ልጅ። በጻፍከው የተነሣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ እናንተም መምህራኑ ማርቆስ አጠገብ ልትመደቡ ነበር። የቀረው የኔ ፊርማ ብቻ ነበር። እንዲህ ከሆነማ በምን አንጀቴ እዘጋዋለሁ?»

አያ ጀምበሩ ቀና ብለው ሰማዩን አመሰገኑ። የመዘጋቱ ወሬ ቀድሞ ደርሷቸው ኖሯል፤ ሦስት የልጅ ልጆች እዚያ ይማሩላቸዋል።

አንተነህ ምን ይበል? ውሸቴን ነው ቢል፣ የቱን ውሸት? ወደ መሳፍንት ዞረ። «አንተስ፣ ወንድሜ? ማሩ…»

መሳፍንት ገደሉን ሽቅብ አየው። «የወረድኩት በቂጤ ነው። የምወጣው በምኔ እንደሆነ እንጃ። ከወጣሁ ግን ማሩን አንተው ብላው።»

እንግዶቹ ተሸኙ። አንተነህ ስልክ ወደሚሠራበት ቋጥኝ ወጥቶ ለሕሊና ደወለ።

«እህ፣ ምን ተባለ?»

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንዲት ነገር ሳይጨምርበት ነገራት። ሊዘጋ ነበር፤ እኔው አወድሼ አተረፍኩት፤ መሳፍንትም ሄደ።

ሕሊና በሣቅ ፈነዳች። «አንተ ደግሞ! በል ቀልዱን ተውና፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

አንተነህ ወንዙን ቁልቁል ያያል።

«አንተነህ?» አለች፤ ሣቋ እየከሰመ ሄደ። «ቀልድህን ነው፣ አይደል?»