ከነጩ ቀለም በታች

ከእንጨት የሚጠረብ ዓሣ፣ እውነተኛውን ዓሣ አታልሎ ወደ መንጠቆው እንዲያመጣ ከተፈለገ፣ ሦስት ጊዜ ነጭ የመነሻ ቀለም መጠጣት አለበት። አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም፤ በየመካከሉም እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ይህን ሥርዓት በአርባ ዓመት ውስጥ ያጓደልሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ከሦስት ቀን በፊት፣ ለታናሽ ወንድሜ።

«ጋሼ፣ ዓሣው ሊበላ እንጂ ቀለምህን ሊያደንቅ አይመጣም! ስጠኝና ልሂድ» እያለ በሩ ላይ ተገትሮ ነዘነዘኝ። ነጩ ገና ጣት ይይዝ ነበር። በንዴት አረንጓዴውን ደረብሁበትና፣ እንደ ነገሩ በእሳት አሙቄው፣ «እንካ! ከዓይኔ ጥፋ!» አልሁት።

ዕድሜ ልኩን ያዘዝሁትን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው፣ ያን ዕለት ታዘዘ።

ሁለት ቀን ጠበቅነው፤ አልተመለሰም። ወደ ሐይቁ የትኛው ወገን እንደ ቀዘፈም ለማንም አልተናገረም። ምሥራቁ ሸምበቆ የዋጠው ነው፤ ምዕራቡ ገደል። ለፍለጋ የሚሆን ባለሞተር ጀልባ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሳይነሣ ሊያዳርስ የሚችለውም አንዱን ወገን ብቻ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ የወንድሜ ሚስት ከሥራ ክፍሌ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ነጭ ተቀብተው፣ ዓይን ሳይሣልላቸው ከሽቦ ላይ የተሰቀሉት ዓሦች በመስኮቱ በገባው ነፋስ ባንድነት ወደ እርሷ ዞሩ። ፊቷን መለሰች።

ባለጀልባው ገባ። አፉ ከተነሣ ስለማይጠፋ «ሞተሩ» የምንለው ሰው ነው፤ ያን ዕለት ግን ዝም ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ከኋላው ሁለት ዓሣ አጥማጆች፣ ደንበኞቼ፣ ቆመው ነበር።

«ከምሥራቁ ሸምበቆ ውስጥ አገኘሁት። የእርስዎ እጅ ከሆነ አሁኑኑ ወደዚያ እመለሳለሁ። ካልሆነ ጊዜ ሳላጠፋ ምዕራቡን ላስስ። ምን ይላሉ፣ ጌታው?»

ጋዜጣውን ገለጥሁ፤ የእንጨት ዓሣ ነው። አረንጓዴው ቀለም እሳት እንደ ላሰው ቆዳ አብጦ ተኮማትሯል።

ከደንበኞቼ አንዱ አንገቱን አስግጎ ሳቀ። «ይሄ የጋሼ ሥራ ከሆነማ እኔም ነገ ሱቅ እከፍታለሁ!»

«የእኔ ቀለም አያብጥም» አልሁ።

ውሸት አልተናገርሁም ብዬ ለራሴ ነገርሁት፤ በደንቡ የተሠራ ቀለሜ በእርግጥም አያብጥም።

«ተመስገን» አለ ሞተሩ፤ «እንግዲያው ወደ ምዕራብ።» ተከታትለው ወጡ።

የወንድሜ ሚስት ተነሥታ ዓሣውን አነሣች። አውራ ጣቷን ካበጠው ላይ ስታሳርፍ አረንጓዴው ከነነጩ እንደ ልጣጭ ተላጠ።

«ጋሼ፣ ቀለም ሳይነካው በፊት የባለቤቱን ምልክት ሆዱ ላይ በቢላዋ ይቆርጡ የለ?»

ብሩሼን አንሥቼ መጥረግ ጀመርሁ።

«‹ወንድሜ ምልክቴን በነጭ ገንዞ ነው የሚሰጠኝ› እያለ ይስቅ ነበር። የእሱ ስንት ነበር?»

«ሦስት ጭረት» አልሁ።

መላጧን አላቆመችም። አንዱ ታየ። ሁለተኛው ታየ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ በተሻለኝ።

ቆቤን እንኳ ሳላደርግ ወደ ዳርቻው ሮጥሁ። ሰው ፊት ሮጬ አላውቅም። ጀልባዋ ወደ ምዕራቡ ገደል አቅጣጫ ርቃ፣ ከባሕር ወፍ የማትበልጥ ሆናለች፤ ከምሥራቅ በኩል ውሃው መጥቆር ጀምሯል።

«የእኔ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፤ ሁለት እጆቼን እያወናጨፍሁ። «የእኔ ሥራ ነው! ተመለስ! የእኔ ነው!»

ሞተሩ ዞሮ አየኝ። ስንብት መስሎት እጁን አንሥቶ አውለበለበልኝ፤ ከዚያም ፍጥነቱን ጨመረ።