ለሁለት ሰው የተያዘ ፏፏቴ

የግል ጉብኝት የሚይዙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ነገር ብዙም አይለያይም። መጸዳጃ ቤት አለ ወይ፣ ኔትወርክ ይሠራል ወይ፣ መንገዱ ለተረከዛም ጫማ ይመቻል ወይ። ስለ ፏፏቴው ስለ ራሱ የሚጠይቅ የለም፤ ፎቶውን በየካላንደሩና በየብስኩት ካርቶኑ ላይ ስላዩት ሙሉ በሙሉ ተማምነውበታል። ያቺ ሴት ግን ደውላ የጠየቀችኝ ሌላ ነገር ነው።

"እዚያ ሁለት ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቦታ ይኖራል?"

ሞልቷል አልኳት። ደን አለ፣ ሣር አለ፣ የድንጋይ አግዳሚ ወንበር አለ። አልረካችም። ወንበሩ ከመንገዱ ራቅ ይላል ወይ፣ ሰው ድንገት ከኋላ ሊመጣ ይችላል ወይ እያለች ስትመረምረኝ ጊዜ ነገሩን ትንሽ ጠረጠርኩና ምን እንደፈለገች በቀጥታ እንድትነግረኝ ለመንኳት። እሷም ዘረገፈችው።

የምትሠራው መነጽር ቤት ነው፤ የሰው ዓይን ትለካለች፣ መስታወት ትቆርጣለች። መሥሪያ ቤቷ በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነውና አንቺ ምሪልን ብሏታል። እሑድ ከመምሸቱ በፊት ደውላ መልሷን ካላሳወቀች ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ባሏ እምቢ አላለም። እሺም አላለም። እሺም እምቢም የሚልበት ፋታ አላገኘም። ከተጋቡ ጀምሮ የሚኖሩት ከእናቱ ጋር ሲሆን የክፍላቸው በር መጋረጃ ነው። ወሬ በጀመሩ ቁጥር ወይ እናትየው "ተኝታችኋል?" እያሉ ይገባሉ፣ ወይ ጎረቤታቸው "ለደቂቃ ነው" ብለው ይመጡና ራት አብረው በልተው ይሄዳሉ። እንዲያውም እኚህ ጎረቤት በቤቱ ውስጥ የሚታወቁት እትዬ ለደቂቃ በሚለው ስም ነው። ባልየው ደግሞ ሰው ባለበት ስለ ራሱ ጉዳይ መናገር የማይሆንለት፣ ይሉኝታ ከላይ እስከ ታች የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ሚስትየው የገዛ ባሏን ለማነጋገር መኪና፣ ሹፌርና አስጎብኚ ተከራየች።

በጉዞው ወረቀት ላይ "የግል፤ ሁለት ሰው" ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ አሰመርኩበት።

እሑድ ማለዳ ከሹፌሩ ጋር ደጃፋቸው ስንደርስ ባልና ሚስት ለባብሰው ይጠብቁናል። ባልየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል። እናቱ ሊሸኟቸው ወጥተው መንገዱን ያቅናላችሁ፣ በሰላም ግቡ እያሉ መረቋቸው። ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ባልየው አንድ እግሩን መኪናው ውስጥ ካስገባ በኋላ ግን ዞር ብሎ "እማዬ፣ ነይ እስቲ አብረን እንሂድ" አላቸው።

እንዲህ ያለው ግብዣ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ደህና ዋይ ማለት ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ተጋባዡ "አይ፣ እናንተ ተደሰቱ" ይላል፣ ጋባዡ አንድ ጊዜ ቅር ያለው ይመስላል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። እናትየው ግን እንደዚያ አልመለሱም።

"እንግዲህ ካልክ ምን አደርጋለሁ" አሉና ከበሩ ጀርባ ዘንቢል አነሡ። ምሳው ተቋጥሮ፣ ውኃው ተሞልቶ፣ ሹራባቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ከእኩያዬ ሴት ጋር ካልሆነ መንገድ አይገፋልኝም ብለው እትዬ ለደቂቃን ጠሩ። እትዬ ለደቂቃ ቤታቸውን ቆልፈው ለመምጣት የፈጀባቸው ጊዜ ቁልፉን ከማዞር አይበልጥም። በዚያው ቅጽበት የባልየው አጎት ብቅ አሉ። እኚህ ሰው የትኛውም አገር፣ የትኛውም ሰው፣ የትኛውም በሽታ ሲነሣ "አውቀዋለሁ" ስለሚሉ ቤተሰቡ ጋሼ አውቀዋለሁ ይላቸዋል። ወዴት እንደምንሄድ ሲሰሙ ሴቶቹን ብቻቸውን መልቀቅ ነውር ነው ብለው ገቡ። ባልየው፣ ሹፌሩና እኔ እዚያው ቆመናል።

ሚስትየው ዓይኗን እኔ ላይ ጣለች። ወረቀቱን ከኪሴ ሳወጣ ሹፌሩ ቀደመኝ።

"ቦታማ ሞልቷል፣ እናቴ። ይግቡ፣ ይግቡ።"

ባልየው እግሩ ረጅም ስለሆነ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተደረገ። ሚስቱ ከኋላ በእናቱና በእትዬ ለደቂቃ መካከል ገብታ ዘንቢሉን ታቀፈች፤ አጎትየውና እኔ ከእነሱ ጀርባ ባለው ወንበር ተቀመጥን። ባልና ሚስት ቢቀራረቡ ለመኪናው ሚዛን ጥሩ ነው ብዬ ሞከርኩ። ጋሼ አውቀዋለሁ የመኪና ሚዛን እንዲህ እንደማይሠራ አስረዱኝ። በዚህስ ልክ ነበሩ።

መንገዱን የያዝነው በአጎትየው አስጎብኚነት ነው። እኔ ወንዙ ከየት እንደሚነሣ ስጀምር አውቀዋለሁ ብለው እሳቸው ይጨርሱታል። ፏፏቴው በአያታቸው ዘመን ባንድ ሌሊት በመሬት መንቀጥቀጥ እንደተፈጠረ ነገሩን። "እንዲህም የሚሉ አሉ" አልኩ። በእኛ ሥራ ይህ ማለት ውሸት ነው ማለት ነው፤ ጎብኚ ግን ሁልጊዜ ምስጋና ይመስለዋል።

ሚስትየው አንድ ጊዜ ብቻ ደፈረች። ወደ ባሏ ትከሻ ጎንበስ ብላ ስለዚያ ነገር እኮ ብላ ስትጀምር ሦስት ጭንቅላት ባንዴ ተጠጋ። ስለ የቱ ነገር? ባልየው አንገቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ "ስለ ፍሪጅ ነው" አለ። ከዚያ እስክንደርስ ድረስ ስለ ፍሪጅ ተወራ። የእትዬ ለደቂቃ ፍሪጅ ሌሊት ሌሊት ያንጎራጉራል። ባልየው ከምን እንደሆነ ተናገረ። ጋሼ አውቀዋለሁ ከሌላ ነገር ነው አሉ።

ፏፏቴው አናት ላይ ስንደርስ ብልሃቴን አወጣሁ። ወደ ታች የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው፣ ያዳልጣል፣ ለጉልበት አይሆንም፤ ትልልቆቹ እዚህ ዳሱ ሥር አረፍ ብትሉ እይታው ከዚህም ያምራል አልኩ። እናትየው ጉልበቴ ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። እትዬ ለደቂቃም ትልልቆቹ የተባሉት እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ፈለጉ። ሁለተኛው ብልሃቴ ፎቶ ነበር። ባልና ሚስቱን ራቅ ካለ ድንጋይ ላይ አቁሜ፣ ለሁለቱ ብቻ፣ ለማስታወሻ፣ አልኩ። ካሜራዬን አስተካክዬ ቀና ስል እናትየው መሐላቸው ቆመዋል። ከእሳቸው ጎን እትዬ ለደቂቃ አሉ። ጋሼ አውቀዋለሁ ደግሞ የፎቶ ብርሃን ከየት በኩል መምጣት እንዳለበት እየነገሩኝ ፊት ለፊቴ ተደቅነዋል።

ሚስትየው ወደ ኋላ ቀርታ ከእኔ ጋር ስትራመድ ሰዓቷን አየች። ታች ከወረድን በኋላ እስክንመለስ ድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። አለቃዋ የሚጠብቃት እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ተናድደሽባቸዋል ወይ ብዬ ወደ እናትየው በአገጬ አመለከትኩ።

"ጥሩ ሰው ናቸው እኮ" አለችኝ። "ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።"

ፏፏቴው ሥር ሲደርሱ ከውኃው በቀር ድምፅ የሚባለው ሁሉ ያበቃል። ውኃው ከላይ አይወርድም፤ ይፈነዳል። መሬቱ ከጫማ ሥር ይርዳል፣ ጉሙ ፊት ላይ ይረጫል፣ ሰው የገዛ ሳሉን እንኳ አይሰማውም። ጋሼ አውቀዋለሁ እጃቸውን እያወራጩ አንድ ትልቅ ታሪክ ሲተርኩ አየሁ። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እትዬ ለደቂቃ በጨዋነት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሼን በዚህ ሁኔታ ማዳመጥ እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም።

ሚስትየው መጀመሪያ አማቷን አየች። እናትየው በክንድ ርቀት ላይ ቆመው አንድ ነገር እያሉ ይጮኻሉ፤ የሚመልስላቸው የለም። ቀጥላ እትዬ ለደቂቃን አየች። ከዚያ ወደ ውኃው ዞረች፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር በራ። የባሏን እጅጌ ሳበችና አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

በሰው ሁሉ ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ ማውራት ጀመረች። ባልየው ጎንበስ አለላት። ብዙ አወራች። ጉሙ ሁለቱንም አበስብሶ ጸጉራቸው ግንባራቸው ላይ ተለጠፈ፣ አላስተዋሉም። ከዚያ ተራው ደረሰና ያ ሰላምታው ይቅርታ የሚመስለው ሰው አፉን ወደ ጆሮዋ አስጠግቶ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ይጮኽ ጀመር። በእጁ ጭምር ነበር የሚናገረው። ማለዳ ካገኘሁት ጀምሮ የተናገረው ቃል ሁሉ ቢጠራቀም የዚያን ሩብ አይሆንም።

እናትየው ጠጋ አሉ። ጆሯቸውን በሁለቱ መካከል አደረጉ። የሰሙት ውኃ ብቻ ነው። ወደ እኔ መጥተው ምን እያሉ ነው ብለው በምልክት ጠየቁኝ። እኔም ውኃው ብዙ ነው ብዬ በእጄ መለስኩላቸው፤ ውሸት አልነበረበትም።

ልብሳችን ሲርስ ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። በመውጫው መንገድ ላይ ከቋጥኙ የወጣ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ዞር ሲሉት ድምፁ እንደ ተዘጋ ቧንቧ ድርግም ይላል። ጆሮ ግን ወዲያው አያምንም። ስለዚህ ጎብኚ ሁሉ ከዚያ ጥግ የሚወጣው እየጮኸ ነው፤ አስቀድሜ የማስጠንቀቅ ልማድ አለኝ። ያን ዕለት ግን ሦስቱ ትልልቆች ቀድመው ድንጋዩን አልፈው ለማረፍ ተቀምጠዋል፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ አልጨረሱም ነበርና እየተደጋገፉ ከፊቴ ይሄዳሉ። ልነካው እጄን ስዘረጋ ባልየው ጥጉን ዞሯል። ጎንበስ ብሎ፣ በደረቱ ሙሉ እየጮኸ ነው።

"እኔ መቼ እምቢ አልኩሽ? አብሬሽ እሄዳለሁ! ፍሪጅ የማይበላሽበት ከተማ የለም። ለእማዬ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ነው እንጂ የጨነቀኝ!"

የመጨረሻው ቃል ከወዲያኛው ቋጥኝ ነጥሮ ተመለሰ። ባልየው ቀና አለ። እናቱ አንድ ጫማቸውን አውልቀው ጠጠር እያራገፉ ነበር፤ ጫማው እጃቸው ላይ ቀረ። እትዬ ለደቂቃ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፣ ዓይናቸው ግን ከወዲሁ ሰፈሩን እያዳረሰ ነበር። ጋሼ አውቀዋለሁም በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም የሚል ፊት አሳዩን።

"ወዴት ነው የምትሄዱት?" አሉ እናትየው።

ባልየው እኔን አየኝ። በጉብኝቱ ውስጥ ይህ አልተካተተም። ሚስትየው ነች ሁሉንም የተናገረችው፤ ከተማውን፣ ሥራውን፣ እስከ ማታ የሚጠበቀውን መልስ፣ ምንም ሳታሰማምር። እናትየው ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ።

"ይህን ለመናገር ነው እዚህ ድረስ የመጣችሁት?"

"ቤት ሰው አለ፣ እማዬ" አለ ልጃቸው።

"ሰው ማለት እኔ ነኝ?" አሉ እትዬ ለደቂቃ።

ምሳውን ዳሱ ሥር በላነው። እንቁላሉ ተላጠ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጨው አቀብሉኝ ከማለት በቀር ማንም ምንም አልተናገረም።

መኪናው ከተነሣ በኋላ ሚስትየው ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ባልየው አሁን ከኋላ ከጎኗ ተቀምጧል፤ ማን እዚያ እንዲቀመጥ እንደነገረው አላየሁም። ጋሼ አውቀዋለሁ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ኔትወርክ እንዳለ፣ ቦታውን በደንብ እንደሚያውቁት ነገሩን። ድልድዩ ላይ ቆምን። ምንም የለም። ከድልድዩ በታች ነው አሉ። ወርደን ሞከርን። እዚያም የለም። ወደ መኪናው ስንመለስ ሚስትየው ስልኩን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ማየቱን ተወችው።

ከአፍታ በኋላ እናትየው ማንንም ሳያዩ መናገር ጀመሩ።

"ማታ ማታ ስታንሾካሹኩ እሰማ ነበር። እኔ ስገባ ዝም ትላላችሁ። ልትለያዩ መስሎኝ ነው እኮ። ዛሬም ብቻቸውን ሄደው ሊጨርሱት ነው ብዬ ነው ዘንቢሌን ያዘጋጀሁት።"

ሚስትየው እጇን አማቷ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ከዚያ በኋላ እናትየው የራሳቸውን ትንሽ ስልክ ከጉያቸው አውጥተው፣ ክንዳቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ሰማይ ያዙት። እንዲህ እንደያዙት ዳገቱን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ የሹፌሩን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

"አቁም ልጄ። ስልኬ እዚህ ሁለት የኔትወርክ መስመር አሳይቷል።"

ሚስትየው ስልኳን ይዛ ወረደች፣ ባሏም ተከትሏት ወረደ። ከመኪናው ራቅ ብለው ቆሙ። እሷ ቁጥሩን ስትመታ፣ እሱ ከነፋሱ ሊከልላት ጃኬቱን ሲዘረጋ ይታየኛል። እትዬ ለደቂቃ የበሩን እጀታ ያዙ።

"እግሬ ደነዘዘ፣ ወረድ ብዬ ላፍታታው።"

እናትየው የቀሚሳቸውን ጫፍ ጨብጠው "እዚሁ አፍታቺው" አሏቸው። ከዚያ መስኮቱን ዘጉና ወደ ሹፌሩ ዘንበል አሉ።

"ልጄ፣ እስቲ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው።"