ቀይ ነጥብ ያለባት ማራገቢያ

ቪዲዮው ስልሳ ሦስት በመቶ ላይ ሲደርስ ላፕቶፑ እንደገና ድርግም ብሎ ጠፋ።

ኦዳልሚስ አልጮኸችም። የዛሬውን ጩኸት ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ጮኻ ጨርሳዋለች። መዳፏን ከላፕቶፑ ሥር ሰደድ ብታደርግ እንደ ካውያ ፈጃት። በፎጣ ጠቅልላ ሥሩ ያስቀመጠችው የበረዶ ጁስ ላስቲኩ ውስጥ ቀልጧል፤ ቀዩ ስኳራም ውሃ በጠረጴዛው እግር እየወረደ ወለሉ ላይ ጉንዳን ጠርቷል። አየር እንዲገባበት ብላ በአራት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጋዋለች። ከአሮጌ የሩሲያ ልብስ ማጠቢያ በወጣ ሞተር የሚዞረውን፣ የቤቱን ብቸኛ ቬንትሌተር ከሳሎን ጎትታ አፉ ላይ ደቅናበታለች። እሷ በላብ ስትታጠብ ነፋሱን የሚጠጣው ላፕቶፑ ነው። እንዲያም ሆኖ ጠፋ።

«ጠፋ እንዴ?» አለ ባሏ ኤቬሊዮ ከጓሮ።

«ጠፋ።»

«ፎጣውን በደንብ አላረጠብሽው ይሆናላ! ትናንት እንዳሳየሁሽ አድርጊ እንጂ። መጀመሪያ ጨመቅ፣ ከዚያ እጥፍ!»

ሰዓቱ አምስት ተኩል ነው። መብራት ስምንት ሰዓት ላይ ይሄዳል፤ በዚህ ሰፈር አንዴ ከሄደ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በፊት አይመለስም። ቪዲዮው ተጠናቅሮ እስኪወጣ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የሌይዳኒስ የአስራ አምስተኛ ዓመት ልደት ድግስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ጄኔሬተር ባለው አዳራሽ ነው።

ሴት ልጅ አስራ አምስት ዓመት የሚሞላት አንዴ ነው። በዚህች በሳንቲያጎ ከተማ ቤተሰብ ለዚያች ቀን ስንት ዓመት ሲዘጋጅ ይኖራል፤ ቀሚስ ይከራያል፣ ፎቶ ያስነሳል። ፎቶዎቹን ከሙዚቃ ጋር አቀናብሮ ነጭ አንሶላ ላይ ለእንግዳ የሚያሳየው የኦዳልሚስ እጅ ነው። ነበር ማለት ይሻላል። ከፋሲካ በኋላ ይሄው ላፕቶፕ ጉድ ሠራትና፣ አንዲት ልጅ ረዥም ቀሚሷን ለብሳ ባዶ አንሶላ ፊት አስር ደቂቃ ሙሉ ቆመች። እንግዳው ጨንቆት አጨበጨበ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኦዳልሚስን ብሎ የመጣ ሰው የለም፤ ከሌይዳኒስ አያት ከእትዬ ኔሬይዳ በቀር።

እትዬ ኔሬይዳ በሐሳቧ መነሳታቸውን የሰሙ ይመስል በመስኮቱ ብቅ አሉ። ፀጉራቸው ገና በቢጉዲን እንደተጠቀለለ ነው። በእጃቸው ሌላ የበረዶ ጁስ ይዘዋል፤ እቤታቸው እያበረዱ ለሰፈሩ የሚሸጡት እሳቸው ናቸው።

«እንቺ ልጄ፣ ይሄ የማንጎ ነው። የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እንዴት ሆነልሽ?»

«ይደርሳል እትዬ።»

«እህቴ ሌላ ሰው ጋ ውሰጂው ብላ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ኦዳልሚስ አታሳፍረኝም አልኳት።»

«አላሳፍርዎትም።»

«ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የእናቷ ፎቶ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው አይደል? እሱን ነው የምትጠብቀው። ነፍሷን ይማርና፣ ይህቺን ቀን ሳታይ ቀረች።»

«አዎ እትዬ፣ መጨረሻ ላይ ነው።»

ስልሳ ሦስት በመቶ ማለት እናትየው ገና ያልመጣችበት ቦታ ነው። ኦዳልሚስ ይህን አልነገረቻቸውም። እሳቸው ሲሄዱ ላፕቶፑን አንስታ ገለበጠችው።

ላፕቶፑን ከውስጥ የምታቀዘቅዘው አሮጌዋ ማራገቢያ መንቀጭቀጭ ስትጀምር፣ ለንግድ ፓናማ የሚመላለሰው ያጎቷ ልጅ ከአራት ወር ልመና በኋላ አዲስ አምጥቶላት ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ኤቬሊዮ ገጠመላት። የስኳር ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ዓመት መካኒክ የነበረ ሰው ነው፤ እሱ ገጠምኩት ካለ ማን ይከራከራል? አዲሷም እንደ አሮጌዋ ስታንኳኳ «ተፈጥሮዋ ነው፣ ትለምዳለች» አላት። አመነችው።

ካቻቢቴውን ከመሳቢያ አወጣች። ገና የመጀመሪያውን ብሎን ስትፈታ ኤቬሊዮ ውሃ ሊጠጣ ከጓሮ ገባና አያት። ኩባያውን ጥሎ ሮጠ። በዚህ ሙቀት ኤቬሊዮ ሲሮጥ አይታው አታውቅም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልከፍተው ነው።»

«ተዪው፣ ተዪው የኔ ቆንጆ፣ ታበላሺዋለሽ! እኔ ማታ ተረጋግቼ አየዋለሁ።»

«ማታ ምን ሊሠራልኝ?»

«ይሄ እኮ ያንቺ ሥራ አይደለም፣ ብሎኑ ቢጠፋ...»

«ዞር በል ኤቬሊዮ። ብርሃን ከለልክብኝ።»

ዘጠኙን ብሎን አንድ በአንድ ፈትታ በሰሃን አስቀመጠች። ክዳኑን አነሳች። ማራገቢያዋ አቧራ ለብሳ ተቀምጣለች። በጣቷ ጠረግ አደረገቻት። መሃሏ ላይ ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ አለች።

የጥፍር ቀለም ነው። አምና ከላፕቶፑ ለጽዳት በወጣች ጊዜ፣ ኤቬሊዮ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ እየጠፋው ሲያስቸግራት ኦዳልሚስ በገዛ እጇ ምልክት ያደረገችባት አሮጌዋ ማራገቢያ ናት።

«አዲሷ የታለች?»

የኤቬሊዮ ዓይን ወደ ጓሮ ሄደ፤ ቶሎ ቢመልሰውም አይታዋለች።

ጓሮ ውስጥ ከሞተ ፍሪጅ የሠራው የእንቁላል ማስፈልፈያ አለ። አርባ እንቁላል፣ አንድ አምፖል፣ አንድ ሰሃን ውሃ። ኦዳልሚስ ወጥታ፣ ኤቬሊዮ በሩ ላይ በገጠማት ትንሽ መስታወት በኩል አጎንብሳ አየች። ከአምፖሉ ጎን አዲሷ ማራገቢያ ኮሽ ሳትል ትዞራለች፤ ሙቀቱን ለእንቁላሎቹ እያዳረሰች ነው።

እሷን ያቃጠላት የማራገቢያዋ መወሰድ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፎጣ ያረጠበላት እሱ ነው። የጠርሙስ ክዳኖቹን የደረደረላት እሱ ነው። ቬንትሌተሩን ዘንበል አድርጎ «እንዲህ ሲሆን ነው የሚያቀዘቅዘው» ያላት እሱ ነው። ትናንት ስታለቅስ እንባዋን ጠርጎላታል፤ በዚያው እጁ።

«እያየኸኝ» አለች። «እያየኸኝ፣ ኤቬሊዮ!»

«ለቤቱ ብዬ እኮ ነው! ቆይ እንቁላል ከየት ይመጣል? ሥጋ ከየት ይመጣል? አንድ ቀን ነበር የቀረው። ነገ ይፈለፈሉና ቀስ ብዬ እመልሳት ነበር፤ አታውቂም ነበር።»

«አላውቅም ነበር! ደግሞ ይሄን ስትነግረኝ አታፍርም?»

«ብጠይቅሽ ትሰጪኝ ነበር?»

«አልሰጥህም ነበር። ሰው የሚጠየቀው ለምን መሰለህ? እምቢ ማለት እንዲችል ነው!»

የማስፈልፈያውን በር ያዘች። ኤቬሊዮ ክንዷን ለመያዝ እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«አንዱ ጀምሯል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስሚው እስቲ።»

ሰማችው። ከአንዱ እንቁላል ውስጥ ቀጭን ጭውጭውታ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ልቧ ትንሽ ራራ። ከዚያ ባዶው አንሶላ ታያት፤ አሁን ፊቱ የቆመችው ሌይዳኒስ ናት። በሩን ከፍታ ማራገቢያዋን ነቀለቻት።

«ሽቦዋን አልቆረጥኩትም» አለ ኤቬሊዮ፣ ውለታ እንደዋለላት ሁሉ።

ከግድግዳው ሥር የወደቀ የካርቶን ክዳን አንስታ ደረቱ ላይ ለጠፈችለት።

«እንካ። አራግብላቸው።»

«በእጄ?»

«እኔስ በምን ሳቀዘቅዝ የከረምኩ መሰለህ?»

ስድስት ተኩል ላይ ላፕቶፑ ተገጥሞ ሥራ ጀመረ። ኦዳልሚስ አልተቀመጠችም። ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሦስት። ትንፋሿን ያዘች። ስልሳ አራት። እጇን ከሥሩ ብትሰድ ሞቅ ብሏል እንጂ አይፋጅም። ቬንትሌተሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ራሷ አዞረችው፤ ነፋሱ አንገቷ ላይ ሲያርፍ ደግሞ እንደ አዲስ ተናደደች። ሦስት ሳምንት! በጓሮው በኩል የካርቶኑ ድምፅ ፈፍ፣ ፈፍ ይላል። ሲደክመው ያቆማል። «አልሰማህም!» ስትለው ይቀጥላል።

ሰባት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ቪዲዮው አለቀ። መጨረሻውን ከፍታ አየችው። የሌይዳኒስ እናት በረንዳ ላይ ቆማ፣ ጥርሷ ተገልጦ፣ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ ይዛ ትስቃለች። ኦዳልሚስ በፍላሽ ገልብጣ ለእትዬ ኔሬይዳ በመስኮት ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ፍላሹን ጡት መያዣቸው ውስጥ ከተው ሁለት ጉንጮቿን ሳሟት።

«አታሳፍሪኝም አላልኩም?» አሉ። «አስራ አንድ ሰዓት እንዳትቀሪ። አጠገቤ ነው የምትቀመጪው።»

ኤቬሊዮ ትከሻውን እያሸ ገባ። በመዳፉ አንድ ጫጩት ይዟል፤ ርጥብ፣ አስቀያሚ፣ አንገቱን መሸከም ያልቻለ።

«ሦስት ወጥተዋል» አለ እየሳቀ። «መቼም አንቺ ጨርሰሻል። እስከ ነገ ብቻ ብትመልሺልኝ...»

ኦዳልሚስ የጫጩቱን ራስ በአንድ ጣቷ ዳሰስ አደረገችው።

«አሮጌዋን ግጠምላቸው።»

«ታንኳኳለች እኮ!»

«ተፈጥሮዋ ነው። ይለምዳሉ።»

ላፕቶፑን ገልብጣ ብሎኖቹን ከሰሃኑ እያነሳች አጠበቀች። ከዚያ ለዛሬው ድግስ ጥፍሯን ልትቀባበት ያስቀመጠችውን ቀይ ቀለም አምጥታ ከፈተች፤ በእያንዳንዱ ብሎን ራስ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ታደርግ ጀመር። ኤቬሊዮ ጫጩቱን እንደያዘ ቆሞ አያት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሰው ከፈታው ቀለሙ ይሰነጠቃል። አየዋለሁ።»

«ሰው ማለት እኔ ነኝ? አስራ ስምንት ዓመት አብረሽኝ ኖረሽ?»

አንድ ብሎን ቀርቷት ነበር። ብሩሹን ነክራ ጠብ አደረገችበት፤ ቶሎ እንዲደርቅላትም ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት።