ከመስኮቱ በላይ ያለው ጭቃ

አባቴ ሠላሳ አራት ዓመት ግድግዳ ሲለስን ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጫማውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተዘጋ። የቀረችለት ግራ እጁ ብቻ ነበረች፤ ከእሷም ደኅና የሚሠራው አመልካች ጣቱ ነው።

አልጋውን በፊተኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ ትይዩ አደረግንለት። ያንን ክፍል የለሰንኩት እኔ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርቱን ስተው ከእሱ ጋር መወጣጫ ላይ ወጣሁ፤ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። አባቴ ሥራ ሲያስተምር አፉን አይከፍትም፤ ጣቱን ይቀስራል። ጣቱ ወደተቀሰረበት አያለሁ። እዚያ ያበጠ ወይም የጎደጎደ ነገር አለ፤ አስተካክላለሁ። ሁለታችንም ወሬ አይሆንልንም። ሌሎቹ ለሳኞች፣ "እነዚህ ሁለቱ ሲሠሩ ግድግዳው ይናገራል እንጂ እነሱ አይናገሩም" እያሉ ይቀልዱብን ነበር።

አባቴ በታመመ በሁለተኛው ወር አንዲት ተርብ በመስኮቱ መግባት ጀመረች። ጥቁር ናት፤ ወገቧ ክር ያህል የቀጠነ። በአፏ ጭቃ እየያዘች ከመስኮቱ በላይ ያለው ማዕዘን ላይ ትለጥፋለች፤ ስትለጥፍ እንደ ትንሽ ሞተር ትጮኻለች። በሦስት ቀን ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ጉብታ ሠራች።

ታላቅ እህቴ ከአንድ ዓመት ልጇ ጋር እዚያው ቤት ነው የምትኖረው።

"ልጄን ብትነድፍብኝስ?" አለችኝ። "አንተ ደግሞ ቆመህ እያት!"

"እትዬ፣ ምን ላድርግ?"

"ጋሽ ፍሊትን ጥራቸዋ!"

ጋሽ ፍሊት የሰፈሩ የተባይ መድኃኒት ረጪ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። መርጫቸውን በጀርባቸው አዝለው መጡ፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጉብታውን አዩና ሳቁ።

"ለዚች ነው ያን ሁሉ መንገድ ያስመጣችሁኝ?"

"ተርብ አይደለችም እንዴ?" አለች እህቴ።

"ተርብማ ናት። ግን ይቺ ብቸኛ ናት። ንግሥት የላት፣ ሠራዊት የላት፤ ልክ እንደ ወንድምሽ ዝም ብላ ሥራዋን የምትሠራ ናት።" እህቴ ሳቀች፤ የእኔ ጆሮ ጋለ። "በእጅ ካልጨበጧት አትነድፍም። ቤቷን እንኳ አትጠብቅም። ሸረሪት አድና፣ በመርዟ አደንዝዛ፣ እዚያ ጭቃ ውስጥ ትከተዋለች። እንቁላሏን ጥላበት ትዘጋዋለች። ትሉ ሲፈለፈል የሚበላው ስንቅ ነው። እኔ ብረጭልሽ ልጅሽ የምትተነፍሰው መርዝ ነው፤ ይቺ ግን ሸረሪት ነው የምትቀንስልሽ።"

"ታዲያ ዝም ብለን እንያት?"

"ሦስት አራት ሳምንት ታገሷት። ልጆቿ ወጥተው ሲሄዱ ጉብታው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል፤ ያኔ በስፓቱላ ፈቅፍቁት። እንዳትመለስ ከፈለጋችሁ መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት ምቱ። ደጅ የሚያንጠባጥበውንም ቧንቧ አስተካክሉ፤ ጭቃዋን የምታመጣው ከሥሩ ነው። አትቸኩሉ ብቻ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው።" መርጫቸውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ ሄዱ።

እኔን ግን ያስጨነቀኝ ተርቧ ሳትሆን አባቴ ነበር። ተርቧ ከመጣች ጀምሮ ጣቱን ወደ ማዕዘኑ ይቀስራል። እኔ ስገባ ይቀስራል፤ ሾርባውን እየዋጠ ይቀስራል፤ ዓይን ዓይኔን እያየ "እ… እ…" ይላል። ከወደቀ ወዲህ አንድ ነገር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ሐኪሙ ብዙ እንደማይቆይ ነግሮናል። ከመሄዱ በፊት የፈለገውን አንዲት ነገር ላደርግለት ፈለግሁ፤ ፍላጎቱም የገባኝ መሰለኝ። ለሳኝ ሰው ግድግዳ ላይ ጉብታ እያየ መተኛት አይሆንለትም፤ ያውም ልጁ በለሰነው ግድግዳ ላይ። እኔ ራሴ አይሆንልኝም ነበር።

ጋሽ ፍሊት ያሉትን ሳምንታት ያልጠበቅሁት አባቴ ያን ያህል ላይቆይ ይችላል ብዬ ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ ቧንቧው እንዳያንጠባጥብ ጎሚኒውን ቀየርኩ። ከዚያ መሰላል አቁሜ ጉብታውን በስፓቱላ ከሥሩ ፈነቀልኩት።

"እ! እ!" አለ አባቴ።

"እሺ አባዬ፣ አሁን ይለቃል" ብዬ ይበልጥ ገፋሁት።

ጭቃው ተሰብሮ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ። ውስጡ ሸረሪቶች ነበሩ። አልሞቱም፤ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። አንዱ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ትል ተጣብቃለች። ሁሉንም ጠርጌ ጣልኳቸው። ማዕዘኑን በጀሶ ደፈንኩ፤ አለሰለስኩ፤ መዳፌን አሳለፍኩበት። እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ዞር ስል አባቴ ያለቅሳል። ድምፅ የለውም። ከግራ ዓይኑ ብቻ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል።

ያኔ ተርቧ ገባች። ጭቃ ይዛለች። ማዕዘኑ ጋ ደርሳ ዞረች። ጀሶው ላይ አረፈች፤ ተነሣች፤ ወደ መስኮቱ ተመልሳ መንገዱን ከመጀመሪያው ጀመረች። አባቴ በጣቱ ተከተላት። ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል፤ ልስን እንደሚያለሰልስ እጅ።

እህቴ ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

"ምን ሆነ?"

"ያስጠላው መስሎኝ…"

"እንዴት ያስጠላዋል? ቀኑን ሙሉ እሷን ሲያይ አይደል የሚውለው! አንተ ሥራ ስትሄድ ምልልሷን በጣቱ ይቆጥራል። አንድ ቀን እኮ ሳቀም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ መቼ ታወራለህ? ከአንተ ጋር መኖርና ከግድግዳ ጋር መኖር አንድ ነው።"

ጣቱን የቀሰረልኝ እንዳስተካክል ሳይሆን እንድመለከት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ስሕተት ሲያሳየኝ ስለኖረ፣ ደስ ያለውን ነገርም በዚያው ጣት ሊያሳየኝ ይችላል ብዬ አላሰብኩም።

በማግሥቱ ሥራ ቀረሁ። ቧንቧው እንዲያንጠባጥብ አዲሱን ጎሚኒ አውጥቼ ጣልኩ፤ ጀሶውንም ፋቅሁት። ተርቧ ግን ወደ ክፍሉ አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቀን ደጅ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አዲስ ጭቃ አየሁ። እሷ ትሁን ሌላ አላውቅም። አባቴን ልናወጣው ሞከርን፤ ገና ከትራሱ ቀና ስናደርገው ትንፋሹ አጠረው። መልሰን አስተኛነው።

ስለዚህ ደጅ እያየሁ፣ ተመልሼ እነግረው ጀመር። ሰው ፊት ሁለት ቃል መናገር የሚያስጨንቀኝ ሰውዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ የጭቃ ቤቷን የመጀመሪያ ክፍል ዘጋችው። የዛሬው ጭቃ ቀላ ያለ ነው፤ ከአጥሩ ሥር ያመጣችው ይመስለኛል። ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምታሳርፈው፣ እንዳንተ።"

አባቴ ጣሪያውን ያያል። ጣቱ አይነሣም። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ማውራቴን ግን አልተውኩም።

"አንድ ሸረሪት ይዛ መጣች፤ ከራሷ ይበልጣል። ሦስት ጊዜ ጣለችው፤ ሦስት ጊዜ ወርዳ አነሣችው።"

"አንተ! ለካ ምላስ አለህ!" አለች እህቴ ከማድ ቤት። ልትስቅ ነበር፤ ድምፅዋ ተሰበረ። ያኔ ጣቱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ብርድ ልብሱም ሊሆን ይችላል።

ሐሙስ ጠዋት ከክፈፉ ሥር ቆሜ ነበር። ተርቧ ሁለተኛውን ክፍል ዘግታ ከአጠገቡ አዲስ የጭቃ ቀለበት ታበጃለች። ጭቃው ገና እርጥብ ነው፤ ያብለጨልጫል። የምነግረው ነገር በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ሮጬ ገባሁ።

"አባዬ፣ ሦስተኛውን…"

እህቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። መዳፏ ዓይኖቹ ላይ ነው። ወደ እኔ አልዞረችም።

ጀምሬው ስለነበር ጨረስኩት።

"…ሦስተኛውን ጀመረች" አልኩት።