ለመምህሩ እግር የተመረጠ ፔዳል

የመምህር ኦኩዴራ ግራ እጅ ከሞተ ወዲህ ግራ እጃቸው ሺኖዳ ነበር። ቀልድ አይደለም። ሽማግሌው ጠፍጣፋ ትራሳቸው ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠው፣ በቀኝ እጃቸው ስክሪኑ ላይ የሥዕል ታሪካቸውን ሲስሉ፣ ሺኖዳ በግራቸው በኩል ሰሌኑ ላይ ተንበርክኮ ጣቶቹን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ደርድሮ ይጠብቃል። «መልስ!» ሲሉት የተበላሸችውን መስመር ያጠፋል። «አጉላ!» ሲሉት ያጎላል። «አዙር!» ሲሉት ሥዕሉን ያዞራል። ከዘገየ በብዕራቸው ጫፍ ጆሮውን ይወጉታል።

«ግራ እጄ ዛሬም ደንዝዟል» ይላሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጥግ ላይ ወንበርና ጠረጴዛ ተሰጥቷት ቤቱንና ዛፉን፣ የታሪኩን ጀርባ የምትስለው ናጊሳ እንድትሰማ። ናጊሳ ሁልጊዜ እንዳልሰማች ሆና ታቀረቅራለች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ካመጣችው የሩዝ ድቡልቡል ትልቁን ለሺኖዳ ትገፋለታለች።

ሺኖዳ የሠላሳዎቹን ዕድሜ እዚያ ሰሌን ላይ ጨረሰ። ለምን አይሄድም ለሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፤ የራሱ የሥዕል ታሪክ አልቆ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፣ መምህሩም «ጊዜው ሲደርስ ላሳታሚው እኔ ራሴ እናገርልሃለሁ» ብለውታል። በዚህ ሙያ ከመምህሩ ቤት ሳይመረቅ የወጣ ሰው በየደጁ ቢያንኳኳ የሚከፍትለት የለም። ስለዚህ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ይንበረከካል።

አንድ ጠዋት መምህሩ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ «አኪሃባራ፣ ኤሌክትሮኒክስ ገበያው ሂድና በእግር የሚረገጥ ፔዳል ምረጥ» አሉት። «የቁልፎቹን ሥራ የሚሠራ። ካሁን በኋላ እጅህን ከዚህ ታነሳለህ።»

ሺኖዳ ጣቶቹን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ። በዚያ ቤት መምህር የተናገሩትን «እንዴት ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ጠይቆም አያውቅም። «እሺ መምህር» ብሎ ግንባሩን ሰሌኑ ላይ ደፍቶ ወጣ። ባቡሩ ውስጥ ግን አንጀቱ እየተቃጠለ ነበር። በገዛ እጁ የገዛ ተተኪውን መርጦ እንዲያመጣ ነው የላኩት! እጁ ከቁልፉ ከተነሳ ነገ እሱ ከቤቱ ይነሳል፤ የመሳቢያው ታሪክም እዚያው ይበሰብሳል።

ሱቁ ውስጥ ፀጉሯን ሰማያዊ የቀባች ወጣት ሻጭ ተቀበለችው።

«ምን ልርዳዎት ጋሼ?»

ጋሼ መባሉ ከነከነው። የሚፈልገውን ሲነግራት አንዲት ጥቁር ፔዳል አወጣችና መሬት ላይ አኖረችለት።

«ይቺን ይርገጧት። ሦስት መርገጫ አላት። እያንዳንዷ ምን እንደምትሠራ አንዴ ያዟታል፣ በቃ፣ ትዕዛዙ እዚያው ውስጧ ይቀመጣል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኳትም አትረሳም። በካልሲ ቢረግጧት እንኳ እሺ ትላለች፣ ድምፅ የሚባል የላትም።»

ሺኖዳ ጫማውን አውልቆ በአውራ ጣቱ ነካ አደረጋት። ፔዳሏ የተሰካችበት የሱቁ ስክሪን ላይ የነበረው መስመር ድምፅ ሳይሰማ ጠፋ። በሕይወቱ እንደዚያች ዕቃ የጠላው ነገር የለም።

«እህቴ፣ ሰዎች ተናደው የሚመልሱልሽ የትኛውን ነው?»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። «ጉድ ነው! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።» ከጠረጴዛው ሥር አቧራ የጠጣ የብረት ፔዳል ጎትታ አወጣች። «ይሄ ነዋ! ለፋብሪካ ሰው፣ ለቦት ጫማ የተሠራ ነው። ሙሉ ክብደትዎን ካልጣሉበት ፍንክች አይልም። ቦት እንዳያንሸራትት የወጣለትን ጥርስ አዩልኝ? ጩኸቱ ደግሞ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ለማን ነው?»

«ለአንድ ሽማግሌ። እግራቸው ደከም ያለ ነው።»

«ውይ! ምን አድርገውዎት ነው ታዲያ?»

ሺኖዳ ትዕዛዞቹን እዚያው አስሞላው፤ በግራ መልስ፣ በመሐል አጉላ፣ በቀኝ አዙር።

«ተመልሶ የመጣ ዕቃ ስለሆነ ድጋሚ አልቀበልዎትም፣ ቅር እንዳይልዎት» አለችው ስትጠቀልልለት።

«አይመለስም» አላት።

ወደ ቤት ሲመለስ ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ፈገግ ይል ነበር። የሽማግሌው ቁርጭምጭሚት ሲያብጥ፣ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ፣ በመጨረሻም «ሺኖዳ፣ ና፣ ይሄን ጉድ አውጣልኝ» ሲሉት ታየው። እንዲያማቸው ከልቡ ፈለገ፤ መፈለጉም ደስ አለው።

በሩ ላይ ናጊሳ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታስር አገኛት። ቦርሳዋ እስኪፈነዳ ሞልቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ዛሬ በጊዜ ወጣሽ» አላት።

«አዎ።» ጥቅሉን አየችው። «ጥሩውን መረጥክ?»

«በጣም ጥሩ ነው።»

«በርታ እንግዲህ» አለችና ሄደች። ጉንፋን የያዛት መስሎት ነበር።

ገብቶ ሲያይ የናጊሳ ጠረጴዛና ወንበር ከጥጉ ተነስተው ከመምህሩ ትራስ በግራ በኩል ቆመዋል። ለመርገጥ እንዲመቻቸው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው ብሎ አሰበ። እሳቸው ግን እንደወትሯቸው እግራቸውን አጥፈው ትራሱ ላይ ነበሩ።

«ከሁሉ የተሻለው ነው?»

«ከሁሉ የተሻለው ነው መምህር። ሲረግጡት እንደ ላባ ነው።» ባቡሩ ላይ ያጠናው ነበር።

«ራስህ ሞክረኸዋል?»

«ሞክሬዋለሁ።»

«ጎሽ። በል ጠረጴዛው ሥር አስቀምጠውና ወንበሩ ላይ ውጣ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን ነው? እኔ እግሬን አጥፌ ተቀምጬ በምኔ ልርገጠው? በቂጤ?» መምህሩ በራሳቸው ቀልድ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሁለት ደህና እጅ ቁልፍ ላይ ሲንጠለጠል ብክነት ነው። ናጊሳን አሰናብቻታለሁ። ካሁን ወዲያ የጀርባውን ሥዕል በእጅህ ትስላለህ፣ የኔን ትእዛዝ በእግርህ ትፈጽማለህ።»

ሺኖዳ ይህን ሁሉ ዓመት የሞተውን እጅ ሲያይ ኖሮ፣ ከትራሱ ወርዶ የማያውቀውን እግር አንድ ቀን አላሰበውም። ናጊሳ ለምን እንዳለቀሰችም ገባው፤ አፈረም።

«መምህር... ላሳታሚው ያሉኝ ነገር...»

«መጀመሪያ ይሄን ልመድ።»

ጥቅሉን ጠረጴዛው ሥር ፈትቶ ፔዳሉን ከመምህሩ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና ተቀመጠ። በዚያ ቤት ጫማ አይገባም፤ የፋብሪካውን ብረት በካልሲ ሊረግጥ ነው። የናጊሳን ብዕር አንስቶ እሷ የጀመረችውን ጣሪያ መሳል ቀጠለ።

«መልስ!»

ረገጠው። ፍንክች አላለም። ከወንበሩ ተነስቶ ክብደቱን ሁሉ ጣለበት፤ ውስጥ እግሩን የብረቱ ጥርስ ነከሰው፣ ቤቱ በጩኸቱ ተናጋ፣ ጣሪያውም ተጣመመ።

መምህሩ ቀስ ብለው ዞሩ። ፔዳሉን አዩ፣ ካልሲውን አዩ፣ ፊቱን አዩ።

«እንደ ላባ ነው አላልከኝም?»

ለማን እግር እንደመረጠው ለመናገር አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«አዎ መምህር።»

«እንግዲያው እርገጠው» አሉና ወደ ስክሪናቸው ተመለሱ። «መልስ! አሁንም መልስ!»