ከሮም የተላከችው ፎቶ

ሽማግሌ የላከ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ወጉ ነው። ሲያትል ላይ ግን ሽማግሌዎቹ አንዳቸውም መኪና አይነዱ! ኡርጌሳ ምን ያድርግ፣ ራሱ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ድረስ አምጥቷቸው፣ ከልጅቷ ቤት ራቅ ብሎ ፓርክ አድርጎ ዝናቡን እያየ ቁጭ አለ። የአዲስአለም አባት አንዴ እንቢ ካሉ እንቢ ናቸው፤ ዛሬ ካልሰጡት በቃ፣ አዲስአለምን አጣት ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ዋናው ሽማግሌ አቶ ሳህሌ ዝናቡ እየደበደባቸው መጡ።

«ውረድ፣ ይፈልጉሃል! ሮም ኖሯል ስንላቸው ደስ አላቸው። አደራህን፣ የሚሉህን ሁሉ አዎ በል፣ ኦኬ?»

ሲገባ ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ መልስ ሳያገኙ አይቀመጡማ። አዲስአለም ከኩሽናው በር ላይ ሆና ታየዋለች። አባቷ አቶ ተክለ ጻድቅ አንዲት ፎቶ ከነፍሬሟ ከግድግዳው አውርደው ሰጡት።

«ልጄ ዳንኤል ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ይቺን ፎቶ ከሮም በላከልኝ በሳምንቱ ነው እዚያው ያረፈው። ጣሊያን ዘርፎ እስካሁን ካልመለሰልን ከአክሱም ሐውልታችን ሥር ቆሞ! ጫፉ ላይ መስቀሉን አየኸው? እስቲ አንተ የኖርክበት ሰው ለነዚህ ንገራቸው፤ የኛው አይደለም?»

ኡርጌሳ ክው አለ። ልጁ የቆመው ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ላይ ነው። ከኋላው ያለውም ድንጋይ ጥንት ከግብጽ የተጋዘ ነው። የኛው መስቀል የለው፤ ገላው ላይ በርና መስኮት ነው የተቀረጸበት። ኡርጌሳ አሳምሮ ያውቀዋላ! ቪዛ ሲጠብቅ የእናቱ መርዶ ደርሶት፣ አብሮት ለቅሶ የሚቀመጥ ዘመድ ቢያጣ፣ ሄዶ የአክሱሙን ሐውልት ተደግፎ ነው ያለቀሰው።

አቶ ሳህሌ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። አዎ ማለት ምን ያቅተዋል? አንዲት ቃል ናት። ግን የኛን ድንጋይ መካድ እናቱን መካድ ሆነበት።

«አይደለም አባባ» አለ። «ይሄ የግብጽ ነው። የኛ ከጥንቱ የፈረስ መጋለቢያ አጠገብ፣ መኪና በሚተራመስበት መንገድ ላይ ነው የቆመው።»

ኤዲያ! አቶ ሳህሌ ሊሄዱ ባርኔጣቸውን አነሱ። አዲስአለም «ኦ ማይ ጋድ!» ብላ አፏን ያዘች።

«ልጄ ዋሸኝ ነው የምትለኝ?» አሉ አቶ ተክለ ጻድቅ። «በስልክ እኮ የኛ ነው አባዬ ብሎኛል!»

«አልዋሸዎትም። እንደርስዎ መስቀሉን አይቶ ነው። አዲስ የገባ ሀበሻ ሁሉ ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቼ ነበር።»

ፎቶዋን ተቀበሉት። አይዋት፣ አይዋት።

«እንግዲያ የኛን ሳያየው ነው የሞተው» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «አንተስ? ነክተኸዋል?»

«ነክቼዋለሁ።»

«በየትኛው እጅህ?»

ኡርጌሳ ቀኝ እጁን ዘረጋ። አቶ ተክለ ጻድቅ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት። እንባቸው በአይበሉባው ላይ ወረደ። እጁንም ሳይለቁ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው፣

«ምን ትገተራላችሁ፣ ተቀመጡ እንጂ!» አሉ።